በጨለማ የጠራው ውሃ

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ከምን ተነሥቼ እንደምጽፍ ማስረዳት ይገባኛል። ዋናው ምንጬ የገዛ ራሴ ትዝታ ነው። ወደ ሰማንያ የተጠጋ ሰው ትዝታ ደግሞ ሙሉ እምነት የሚጣልበት አይደለም፤ የኔም ከሌላው የተለየ አይመስለኝም። ሁለተኛው ምንጬ የቀድሞ ተማሪዬ ረውዳ በቅርቡ ሰኮሩ ላይ የነገረችኝ ነው። ሦስተኛ ምንጭ የለኝም። አስተምርበት የነበረው ቤተ ሙከራ ወረቀቶች ሕንጻው ሲታደስ የት እንደገቡ ጠይቄ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ስለዚህ ዓመተ ምሕረቱን በቁጥር አልጠራም፤ ጡረታ ከመውጣቴ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ነበር ማለቱ ይበቃል። የሰዎችንም ንግግር የማስፍረው መንፈሱን እንጂ ቃሉን ይዤው አይደለም።

አንድ ነገር ግን አልጠራጠርም። ረውዳ አጠፋችው የተባለውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይህን ለሟች ባለቤቴ አልነገርኳትም። ለልጆቼ አልነገርኳቸውም። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። በየጾሙ ከፊታቸው ቀርቤ ቁጣዬን፣ ስስቴን፣ ሰው ማማቴን ተናዝዣለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ግን «ይህ የሙያ ጉዳይ ነው፤ አባ ኬሚስትሪ አያውቁም» እያልኩ አልፌው እሄድ ነበር። ኃጢአት የትምህርት ክፍል አለው? ውሸት ውሸት መሆኑን ለማወቅ ኬሚስትሪ መማር ያስፈልጋል? አያስፈልግም። እኔም አንድም ቀን ያስፈልጋል ብዬ አምኜ አላውቅም።

እንግዲህ ሥራውን ላስረዳ። ብርሃን ሲያርፍበት የሚነቃ ዱቄት አለ፤ ከዚንክ የሚሠራ ነጭ ዱቄት ነው። በማቅለሚያ በተበከለ ውሃ ውስጥ ጨምረው ብርሃን ሲያሳዩት ቀለሙን ይሰባብረዋል፤ ራሱ ግን አያልቅም። እኛ ካታሊስት የምንለው እንዲህ ያለውን፣ ሌላውን ለውጦ ራሱ ሳይለወጥ የሚቀረውን ነገር ነው። ጉድለቱ አንድ ነው። ነጩ ዱቄት የሚነቃው ከፀሐይ ብርሃን በጥቂቱ፣ ዓይን በማያየው ጨረር ብቻ ነው። የቀረው ብርሃን በከንቱ ያልፋል። ስለዚህ የሙያው ሰዎች በየአገሩ ዱቄቱን ያሻሽሉታል፤ አንዱ ብር ይቀላቅልበታል፣ አንዱ ብረት። እኔ በአጋሮና በሊሙ መንገድ ዳር የቡና ገለባ እንደ ኮረብታ ተከምሮ ሲበሰብስ ዘወትር አይ ነበርና፣ ገለባውን አክስለን ከዚንኩ ጋር በምድጃ ብንጋግረውስ አልኩ። ነጩ ዱቄት ጠቆረ። የጠቆረው ዱቄት ቀለም ያለበትን ውሃ ከነጩ በብዙ እጅ ፈጥኖ አጠራው። የሰፈራችን ገለባ የፀሐይን ብርሃን ሁሉ እንዲጠቀም አደረገው ብዬ ጻፍኩ። ኮራሁም።

ሥራውን በእጇ የምትሠራው ረውዳ ነበረች። የአጋሮ ልጅ ናት፤ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ሆና ሳለ ለሁለተኛ ዲግሪ ተልካ መጥታ እኔ አማካሪዋ ሆንኩ። ገለባውን የምታከስል፣ ዱቄቱን የምትጋግር፣ ውሃውን የምትለካ እሷ ነበረች። ሐሳቡና ስሙ የእኔ ነበር።

ዱቄቱን የሚጠብቅ ሰውም ነበረን። መንደራ ቆጪ በሚባለው የጅማ ሰፈር ውስጥ አዴ ዘይነባ የሚባሉ ሴት የጥለት ክርና የስፌት አለላ ቀለም እየነከሩ፣ አምስት ስድስት ሴቶችን ቀጥረው ይኖሩ ነበር። የነከሩበት ውሃ በቦይ ወርዶ ታች ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ምንጭ ይገባል። ቀበሌው ቀለሙን አቁሚ ወይም ሥራውን ዝጊ ብሏቸዋል። እኔ መፍትሔው በእጄ ነው ብዬ ቃል ገባሁላቸው። አንባቢዬ ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። ቃል የገባሁት እኔ ነኝ።

ጅማ ዝናብ አይጠፋባትም። ፀሐይን አምነን መለካት ስላልቻልን ሙከራውን የምናካሂደው ጥቁር በተቀባ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነበር። በሳጥኑ ክዳን ላይ የፀሐይን ብርሃን የሚተካ አምፖል ተገጥሟል፤ ከሥሩ ቀለም ያለበት ውሃ የያዘ ቢከር፣ የቤተ ሙከራ ብርጭቆ፣ በማማሰያ ማሽን ላይ ይቀመጣል። ሳጥኑ ከተዘጋ በኋላ ውስጡ አይታይም። ማብሪያው ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት ከበራች አምፖሉም በርቷል ብለን እናምናለን።

አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ይመስለኛል፣ ረውዳ ሙከራውን አስጀምራ ለምሳ ወጥታ ሳለ ሳጥኑን የከፈትኩት እኔ ነበርኩ። ቀይዋ መብራት በርታለች። ማማሰያው ይዞራል። ሳጥኑ ውስጥ ግን ጨለማ ነው። አምፖሉን ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። ነቅዬ መስኮት ዳር ወስጄ አየሁት፤ ተቃጥሏል። ከዚያ ቢከሩን አነሣሁ። ውሃው ጠርቶ ነበር። እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ነበር።

በዚያች ቅጽበት ያወቅሁትን ሳልቀንስ ልናገር። ውሃው በጨለማ ጠርቷል ማለት ብርሃኑ ሥራ አልነበረውም ማለት ነው። ቀለሙ አልተሰባበረም፤ የገለባው ከሰል ውጦታል። ተሰብስቦ ጥቁሩ ዱቄት ውስጥ ተቀምጧል፤ የጠፋው ከዓይናችን ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ ደቂቃ እንኳን አልፈጀብኝም። ደጋግሜ ራሴን የምጠይቀው ስለዚህ ነው፦ አላወቅሁም ነበር ልል እችላለሁ? አልችልም። ተጠራጥሬ ነበር ልል እችላለሁ? እሱንም አልችልም። አውቄአለሁ።

ደግሞ እውነቱ ራሱ የሚያሳፍር አልነበረም። ከሰል ቀለም መምጠጡ ጠቃሚ ነገር ነው፤ ቀለም የጠጣው ዱቄት ተጠብቆ እስከተያዘና የትም እስካልተደፋ ድረስ። ያን ዕለት ይህን ብናገር አዴ ዘይነባም ይጠቀሙ ነበር፣ ረውዳም በሌላ ርዕስ ትመረቅ ነበር። ነገር ግን ጽሑፌን ለጆርናል ልኬ ነበር። የጽሑፉ ርዕስ ብርሃን ነበር። የማዕረግ ዕድገቴ የሚመረመረውም በዚያው ሰሞን ነበር። ስለዚህ አምፖሉን ቀየርኩ። የተቃጠለውን በጋዜጣ ጠቅልዬ በቦርሳዬ ይዤ ወጣሁና ቤቴ ጣልኩት። አምፖሉን ቀየርኩና ዝም አልኩ።

ረውዳ ስትመለስ አዲሱን አምፖል ወዲያው ለየችው።

«ዶክተር፣ አምፖሉን ቀየሩት እንዴ? ተቃጥሎ ነው?»

«አይ፣ እንዳይቃጠል ብዬ ነው። አርጅቷል።»

«ዋዪ! እኔ ደግሞ የሳምንቱ ልፋቴ ገደል ገባ ብዬ ወላሂ ደነገጥኩ» ብላ ሳቀች። ሳቋ በጆሮዬ አለ፤ ወይም እንዳለ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ፣ በዚያው ቀን ይሁን በማግሥቱ አላስታውስም፣ ጥያቄ አቀረበችልኝ። «አንዱን ቢከር በፎይል ሸፍኜ ብርሃን ሳይነካው ላቆየው? ለማነጻጸሪያ። ሌሎች እንደዚያ ያደርጋሉ።»

«ጊዜ የለንም፤ እሱን እኔ ድሮ ሠርቼዋለሁ» አልኳት። አልሠራሁትም ነበር። እሺ አለች። ምን ልትል ትችላለች? እኔ መምህሯ ነበርኩ።

በጋው ሲገባ በአዴ ዘይነባ ግቢ በርሜል አስቀመጥን። የነከሩበትን ቀይና ሰማያዊ ውሃ ይጨምራሉ፣ ዱቄቱን ይበትናሉ፣ ፀሐይ ላይ ያማስላሉ። ዱቄቱ ሥር ሲዘቅጥ ከላይ የጠራ ውሃ ይቀራል። የቀበሌው ሰዎች መጥተው አዩ። አዴ ዘይነባ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «ዱንያህንም አኺራህንም ያሳምርልህ፣ ዶክተሬ! ማሻአላህ! ከእንግዲህ ምን ሊሉኝ ነው?» እያሉ መረቁኝ። ከዚያም በርሜሉ ሥር የቀረውን ጥቁር አተላ አሳይተው ጠየቁኝ።

«ይኼንንስ ምን ላድርገው?»

«ቀለሙ ተሰባብሮ አልቋል፤ ይኼ እንደ አመድ ነው። የትም ቢደፉት አይጎዳም።»

ይህን ያልኩት አምፖሉን ከቀየርኩ በኋላ ነው። እያወቅሁ ነው ያልኩት። አዴ ዘይነባም አምነውኝ በጋውን ሙሉ አተላውን ከአጥራቸው ጀርባ፣ ከምንጩ በላይ ባለው ዳገት ሲያስደፉ ከረሙ።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የጣለው ፋሲካ ሲቃረብ ነበር። ጎርፉ ጥቁሩን ዱቄት ጠርጎ ምንጩ ውስጥ ከተተው። ከሰሉ ከንጹሕ ውሃ ጋር ሆኖ የያዘውን ቀለም አይለቅም ነበር፤ የሳሙና ውሃ ሲያገኘው ግን ይለቃል። ምንጩ ዳር ደግሞ ሴቶች ለበዓል ነጭ ልብስ ዘፍዝፈው ሳሙና እየመቱ ነበር። ወሬው ደርሶኝ ስሄድ የአዴ ዘይነባ በር በሴቶች ተሞልቷል። እያንዳንዷ ወይን ጠጅ የሆነ እርጥብ ልብስ አንጠልጥላለች።

«ይኸውልሽ ዘይነባ! የባሌን ጀለቢያ እይልኝ! ሰኞ ፍርድ ቤት ለምስክርነት የሚቆምበት ነው። በዚህ ቢቆም ማን ያምነዋል?»

«የአንቺ ይሻላል እቴ። እኔ በነጠላዬ ጥለት ጠባብነት ሳለቅስ ነበር፤ አሁን ሙሉውን ጥለት ሆነልኝ!»

«ማሎ፣ እባካችሁ፣ በአላህ፣ አትጩኹብኝ» ይላሉ አዴ ዘይነባ። «አመድ ነው ብሎኛል። ዶክተሩ ነው ያለኝ። ያውና፣ እሱን ጠይቁት!»

ሴቶቹ ወደ እኔ ዞሩ። ምን አልኩ? «ይጣራል» አልኩ። ሕይወቴን ሙሉ በጥንቃቄ የሚናገር ሰው እየተባልኩ ተመስግኛለሁ። ያን ቀንም በጥንቃቄ ተናገርኩ።

በትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ተጠራ። የቀበሌው ተወካይም ነበሩ። ረውዳ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ሰብሳቢው ምን ተፈጥሮ እንደሆነ እንዳስረዳ ጠየቁኝ። ተነሥቼ ዱቄቱ በትክክል ከተጋገረ ቀለሙን እንደሚሰባብር፣ በምድጃው ውስጥ ሙቀቱ ካልተጠበቀ ግን ከሰሉ ከዚንኩ ጋር ሳይዋሐድ ሊቀር እንደሚችል፣ የመጋገሩን ሥራ ሙሉ በሙሉ የሚያከናውኑት ተማሪዎች እንደሆኑ ተናገርኩ። የረውዳን ስም አልጠራሁም። መጥራት አላስፈለገኝም። ሁሉም ዞሮ አያት።

ረውዳ ተነሣች። ትቃወመኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ግንባሯን ቋጥራ ስታስብ ቆየችና «ሙቀቱን ሁልጊዜ እከታተል ነበር። ግን አንድ ቀን መብራት ሄዶ ተመልሷል፤ እኔም ሶላት ላይ ነበርኩ። ምናልባት ያን ቀን ይሆናል» አለች። ማስረጃ ፈልጋ በራሷ ላይ አመጣችው፤ አማካሪዋ ምድጃው ነው ብሏልና። እኔም ግልጽነቷን አመሰገንኩ። በሰው ሁሉ ፊት አመሰገንኳት። ከሠራሁት ሁሉ፣ አምፖሉን ከመቀየሬም በላይ፣ ይህ ምስጋና ያስጨንቀኛል።

የመመረቂያ ጽሑፏ ውድቅ ሆነ። እንደገና ትጀምር ቢባል የላካት መሥሪያ ቤት የሰጣት ጊዜ አልቆ ነበር። ያለ ዲግሪ ወደ ማስተማር ተመለሰች። አዴ ዘይነባ ሥራውን ዘጉ፤ ግቢያቸው ዛሬ የባጃጅ ጋራዥ ነው፤ እሳቸውም በሕይወት የሉም፤ አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ የምልበትን ዕድል በገዛ እጄ አሳልፌዋለሁ። የእኔ ጽሑፍ ታተመ። እኔ ፕሮፌሰር ሆንኩ። ከዚያ ወዲህ ሰላም የሚለኝ ሰው ሁሉ በዚያ ስም ሲጠራኝ ኖረ፤ በየቀኑ «አቤት» እያልኩ ኖርኩ።

ዝምታዬ የተሰበረው በራሴ ጀግንነት አይደለም። ባለፈው ክረምት ማብቂያ በትምህርት ክፍሉ የሚያስተምር ብሩክ የሚባል ወጣት ቤቴ መጣ።

«ፕሮፍ፣ አሪፍ ዜና ይዤ ነው የመጣሁት። ያንተን ዱቄት ልናስነሳው ነው። አጋሮ አንድ ትልቅ ማቅለሚያ ቤት ይከፈታል፤ ፕሮፖዛሉ አልፏል።»

በወጣት አነጋገር አንተ አለኝ፤ ወዲያው ደንግጦ «ያንተን አልኩ? የእርስዎን!» ብሎ አንገቱን አከከ።

«አተላው ስላደረሰው ጉዳትስ?» አልኩት።

«እሱማ የአንዲት ተማሪ የመጋገር ስህተት ነው አይደል? ሰምቼዋለሁ። አሁን ምድጃው አውቶማቲክ ነው፤ ማንም ሰው አይነካውም። ችግሩ ተፈቷል።»

ችግሩ ተፈቷል። አንዲት ልጅ በሌለ ጥፋት መውደቋ ሳያንስ፣ ያን የሌለ ጥፋት አስተካክለው እውነተኛውን አጋሮ ላይ ሊደግሙት ነው። የእሷው ከተማ ላይ። ዝም ብል ለሁለተኛ ጊዜ አምፖሉን መቀየሬ አይደለም? ብሩክ ሊሰናበተኝ ቆሞ ሳለ «ተቀመጥ፤ ነገ ቤተ ሙከራ እመጣለሁ፤ ፎይል ይኑርህ» አልኩት።

በማግሥቱ ብሩክ የጋገረውን ዱቄት ቀለም ያለበት ውሃ ውስጥ ጨመርን። ቢከሩን በፎይል ጠቀለልነው፤ በላዩ ካርቶን ደፋንበት። ሻይ ጠጥተን ተመለስን። ፎይሉን ራሱ እንዲገልጠው ነገርኩት። ገልጦ፣ ውሃውን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ፕሮፍ… ጠርቷል እኮ።»

«አዎን።»

«ግን ብርሃን አላየም።»

«ያኔም አላየም ነበር» አልኩት፤ የቀረውንም ነገርኩት። በሕይወቴ ይህን የሰማ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ሲሰማ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። በመጨረሻ «ልጅቷስ?» አለኝ። ስሟን እንኳን አያውቀውም ነበር። ስህተቷ ሲወራ ስሟ ጠፍቷል።

ጽሑፌ እንዲሰረዝ ለጆርናሉ ጻፍኩ፤ መልሱን እጠብቃለሁ። ለትምህርት ክፍሉም በቃልም በጽሑፍም አስታወቅሁ። የአጋሮው ሥራ ቆሞ እንደገና ሊታሰብ ነው። ረውዳን ግን ሌላ ሰው እንዲነግራት አልፈለግሁም። ሰኮሩ ላይ ምክትል ርእሰ መምህርት እንደሆነች አጠያይቄ ደረስኩበት፤ በክረምት ትምህርት በአስተዳደር ሙያ ሌላ ዲግሪ ይዛለች። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ደስታዬንም ወዲያው ተጠራጠርኩት፤ እሷ በልፋቷ ያገኘችውን ለእኔ ጥፋት ማቅለያ ልጠቀምበት ነውና።

ከጅማ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አሰንዳቦ ላይ ሲቆም ወረድኩ። ለምን ወረድኩ? እግሬን ላፍታታ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ወደ ጅማ የሚመለስ መኪና ከማዶ ቆሞ ይጣራ ነበር። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «አባባ፣ ይገባሉ ወይስ አሰንዳቦ ሚስት አለችዎት?» ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ገባሁም። ያ ቀልድ ባይኖር ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም።

ረውዳ በቤቷ ተቀበለችኝ። አርጅታለች አልልም፤ ጎልምሳለች። «ዶክተር!» አለችኝ። ፕሮፌሰር የሆንኩት እሷ ከሄደች በኋላ ነው። በስተርጅናዬ እንደዚያ መጠራት እንዴት እንዳሳረፈኝ መግለጽ አልችልም።

ሳልቀመጥ ጀመርኩ። አምፖሉን፣ የቀየርኩበትን ቀን፣ «ድሮ ሠርቼዋለሁ» ያልኳትን፣ ስብሰባውን። ምናልባት ታውቀው ነበር የሚል ተስፋ ነበረኝ፤ ብታውቀው ኖሮ ቢያንስ በራሷ ላይ አልፈረደችም ነበር። አታውቅም ነበር።

«ዶክተር» አለችኝ ቀስ ብላ፤ «እኔ እኮ እስከ ዛሬ ቤት ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ሦስቴ እመለሳለሁ። ምድጃ አጥፍቼ ይሆን እላለሁ። ባሌ ይስቅብኛል። ፈተና አርሜ አላምንም፤ ለሌላ መምህር እሰጣለሁ። እኔ ያየሁት ነገር ልክ አይሆንም ብዬ።»

የቀማኋት ዲግሪ ብቻ መስሎኝ ነበር የመጣሁት። ለካ የገዛ ዓይኗን ማመን ነው የቀማኋት። ይህ በምን ይመለሳል?

ከዚያ ያልጠበቅሁት ሆነ። ረውዳ እንባዋን በሻርፗ ጫፍ ጠርጋ «አልሐምዱሊላህ» አለች። ደግማ «አልሐምዱሊላህ፤ ምድጃው አልነበረም ማለት ነው» ብላ መሳቅ ጀመረች፤ እያለቀሰች ሳቀች። «ያን ቀን ሶላቴን በፍጥነት ሰግጄ ሮጬ ነበር እኮ የተመለስኩት! ሙቀቱ ልክ ነበር! አይቼዋለሁ!»

«ልክ ነበር» አልኳት።

«ልክ ነበር በሉኝ እስቲ ደግሜ ልስማው።»

«ልክ ነበር፣ ረውዳ። የሠራሽው ሁሉ ልክ ነበር።»

ይቅር በይኝ ማለት ጀምሬ ነበር፤ በእጇ አስቆመችኝ። «እሱን ቆይ። መጀመሪያ ለእናቴ ይንገሯት። ሰው ሁሉ ፊት አዋረድሽን ብላኛለች። እስከ ዛሬ ሲከፋት ታነሣዋለች።»

እናቷ ከጓዳ መጡ፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማያንሱ፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። አማርኛ ጥቂት ይሰማሉ፤ የእኔ ኦሮምኛ ደግሞ የገበያ ነው፤ ዕድሜዬን በሙሉ ከኖርኩበት አገር ቋንቋ የያዝኩት ዋጋ መጠየቂያና ሰላምታ ብቻ መሆኑ ሌላው ዕዳዬ ነው። ስለዚህ ረውዳ ታስተረጉም ጀመር። እኔ በደሌን እናገራለሁ፣ የተበደለችው ታስተረጉመዋለች። ተናግሬ ስጨርስ እናትየው አንድ ነገር ጠየቁ።

«ምሳ በልቷል ወይ ትላለች» አለች ረውዳ።

አልበላሁም ነበር። አበሉኝ። ስበላም እናትየው የረውዳን ጉልበት በእጃቸው ይዘው ተቀምጠው ነበር፤ አልለቀቁትም። ስነሣ ሁለት እጄን ይዘው ዓይን ዓይኔን እያዩ ተናገሩኝ። ረውዳ «አፉ ብያለሁ ትላለች» አለችኝ። ስለ ራሷ ግን ምንም አላለችም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅሁም። ይህን እንድጽፍና ስሟን እንድጠራ ፈቅዳልኛለች፤ ይቅርታዋን በፈቀደችው ጊዜ ብትሰጠኝ እቀበላለሁ፣ ባትሰጠኝ የሚገባኝ ፍርድ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቀሎኛል። ይህን መደበቅ ሌላ ውሸት ይሆናል። ለንስሐ አባቴም ነገርኳቸው፤ ኬሚስትሪውን በጥሞና ሰምተው «ይህን ሁሉ ዓመት አባ ኬሚስትሪ አያውቁም ብለህ ነው የዘለልከኝ?» ሲሉ ሁለታችንም ሳቅን። ቀሎኛል ማለቴ ግን ነጻ ነኝ ማለቴ አይደለም። ማዕረጉን፣ ዕድሜዬን፣ የመንደራ ቆጪን ችግር ላቃልል ጓጉቼ መሆኔን ማቅለያ አድርጌ አላቀርብም። አውቄ አደረግሁት።

የቀረኝ ያላረጋገጥኩት አንድ ነገር ነው። ለእናትየው የተናገርኩት ረጅም ነበር፤ «እያወቅሁ ዋሸሁ» የሚለውንም ሁለት ጊዜ ደግሜዋለሁ። ረውዳ ያስተረጎመችው ግን አጭር ነበር። እናቷ በእንግዳ ላይ እንዳይቆጡ፣ ወይም እኔ እንዳላፍር ብላ «ተሳስቶ ነበር» ብቻ ብላቸው ይሆን? እኒያ እናት አፉ ያሉት ለተሳሳተ ሰው ይሁን ለዋሸ ሰው አላውቅም። ረውዳን ደውዬ መጠየቅ እችላለሁ፤ ይህን እስከጻፍኩበት ድረስ አልጠየቅኋትም።